እምዬ 90 ሊሞላት ነው፤ ልደቷን መቼና እንዴት እናክብርላት?

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አያቴ ልጠይቃችሁ ነው። ቤታችን ውስጥ «እምዬ» ነው የምንላት። የምትኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን አልፎ በጎጃም መንገድ ወርዶ፣ ከአስፋልቱ ገባ ያለ ሰፈር። ሰባት ልጆች አሳድጋለች። የልጅ ልጆቿ 23 ነን። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ልደቷ ተከብሮላት አያውቅም። ዘንድሮ፣ በ2018፣ 90 ይሞላታል ብለን ተነስተናል።

ግን ቀኑን አናውቀውም። መታወቂያዋ ላይ መስከረም 1 ቀን 1930 ተብሎ ተጽፏል። ያን ቀን የሰጣት መዝጋቢው ነው። እሷ ስትጠየቅ የምትናገረው ሌላ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ ሲገባ እናቷ አራስ ነበረች። ክርስትና የተነሳችው ለሰኔ ሚካኤል ነው። አቡነ ጴጥሮስ ተገደሉ የሚለው ወሬ ሰላሌ ሲደርስ ደግሞ ክርስትናዋ ወር ቢያልፈው ነው። ከዚህ ሌላ በእጃችን ምንም የለም።

አከባበሩም አላስማማንም። የአጎቴ ልጆች ሰርፕራይዝ ይሁን ይላሉ። እሷ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ስትመለስ ዘመድ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቃታል። ፊኛው፣ ኬኩ፣ ቪዲዮ አንሺው ሁሉ ታስቧል። ውጭ አገር ያለው አጎቴ አዲስ አበባ አዳራሽ እንከራይ ባይ ነው። እናቴ ድፎ ዳቦና ቡና ይበቃል ትላለች። የእኔ ልብ ወደ እናቴ ያደላል፤ ግን ለዘጠና ዓመት ያ ብቻ እንዳያንስባት እሰጋለሁ። እናንተ ለአያቶቻችሁ ምን አደረጋችሁ? ቀኑንስ ማግኛ መንገድ ይኖር ይሆን?

(ይህን የጻፍኩት በየካቲት መጨረሻ ነው። ክሩ በጣም ስለረዘመ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመች ምላሾቹን በየቁጥራቸው በራሴ ቃል አስፍሬያቸዋለሁ።)

ምላሽ 1። ከለገጣፎ የጻፈች ሴት ናት። እንኳን ደስ አላችሁ ብላ ጀመረች። የእሷ አያት ያረፉት ዕድሜያቸውን ማንም በወጉ ሳይጠይቃቸው ነው። የሕይወት ታሪካቸው ለቀብር ሲጻፍ ልጆቻቸው በዓመቱ ሳይስማሙ ቀርተው፣ ቦታው ባዶ ሆኖ ተነበበ። ከድግሱ በፊት እምዬን ቁጭ አድርጌ እንዳስወራት መከረችኝ።

ምላሽ 2። አንድ ሰው ስሌቴ ስህተት መሆኑን በሙሉ እርግጠኝነት ነገረኝ። አሁን 2026 ነው፤ በ1928 የተወለደ ሰው 98 ዓመቱ ነው ባይ ነው። ኬኩን ሳላዝ ቁጥሩን እንዳስተካክል አሳሰበኝ።

ምላሽ 3። ወዲያው እርማት መጣ፣ ያውም በትህትና። 1928 በእኛ አቆጣጠር ስለሆነ የሚቀነሰው ከ2018 ነው። በፈረንጅ እንሂድ ካልን ደግሞ ከ1936 ተነስተን 2026 እንደርሳለን። በሁለቱም መንገድ 90 ይመጣል። ውጭ አገር ብዙ የቆየ ዘመድ ሁለቱን እየቀላቀለ እንደሚሳሳትም ጨመረ። እውነቱን ነው። አጎቴ በሰው እጅ የላካቸው የቁጥር ሻማዎች 9 እና 8 ነበሩ።

ምላሽ 4። ይህን ምላሽ ያላነበበ ሰው ድንኳን እንዳይተክል። የጻፈችው ከቡራዩ ነው። አያቷ 80 ሲሞላቸው እነሱም ሰርፕራይዝ አሰቡ። አሮጊቷን አንድ ዘመድ ቤት አሳድረው በነጋታው አመጧቸው። መኪናው በር ላይ ሲቆም ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። ስልሳ የሚሆን ዘመድ ቆሟል፤ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን መምጣታቸው ስለነበር ነጠላ ለብሰዋል። ሁሉም አንድ ላይ ለመጮህ ምልክት እየጠበቀ ስለነበር ግቢው ጸጥ ብሏል። እኚህ እናት ደግሞ አረብ አገር ያለ ልጃቸው ሁለት ሳምንት ሙሉ አልደወለላቸውም ነበር።

ጩኸቱን አልጠበቁም። ገና ከመኪናው ሳይወርዱ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ደረታቸውን እየመቱ የልጃቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። በዚያው ቅጽበት ከውስጥ የእንኳን አደረሰዎ ጩኸትና እልልታ ወጣ። እልልታውና ለቅሶው ተቀላቀለ። ልጃቸው በሕይወት እንዳለ ለማሳመን አረብ አገር ተደውሎ ድምፁን እስኪሰሙ ድረስ ማንም ሊያረጋጋቸው አልቻለም። ከዚያ በኋላ የዋሉት አልጋ ላይ ነው። ኬኩ ለጎረቤት ልጆች ተሰጠ። ጸሐፊዋ ያለችው ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። በእኛ አገር ለአንዲት አሮጊት ሳይነገራት ድንኳን ከተተከለ፣ ዘመድ በጠዋት ከተሰበሰበና ሰው ዝም ካለ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው፤ መርዶ።

ምላሽ 5። ነርስ ናት። የደም ግፊት ያለበት የ90 ዓመት ሰው ማስደንገጥ ጨዋታ አለመሆኑን በአጭሩ ጻፈች። በድንጋጤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብትል ዳሌዋ ይሰበራል፤ በዚያ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ደግሞ በቀላሉ አይነሱበትም።

ምላሽ 6። አንድ ወጣት በዚህ አልተስማማም። የአንድ ቤት አጋጣሚ ለሁሉም ሕግ አይሆንም አለ። የእሱ አያት ሰርፕራይዝ ተደርጎላቸው በደስታ እስክስታ ወርደዋል፤ ቪዲዮውም አለ። ሽማግሌዎችን እንደ ብርጭቆ ማየት ትተን እንደ ሰው እናጫውታቸው ሲል ደመደመ። ይህ የመጨረሻው ነጥቡ ልክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ምላሽ 7። የቁጥር 4 ጸሐፊ ተመለሰች፤ ለስላሳው ቃሏ ግን ቀርቷል። ያ እስክስታ ካለቀ በኋላ፣ ካሜራው ከጠፋ በኋላ፣ አያቱን ምን ተሰማሽ ብሎ ጠይቋቸው እንደሆነ ጠየቀችው። መልስ አላገኘችም።

ምላሽ 8። ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ቀኑ ዞረ። ዲያቆን ነኝ ያለ ሰው ነው ያዞረው። ቀኑ በእጃችሁ ነው፣ አላወቃችሁትም እንጂ አለ። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ነው ክርስትና የምትነሳው። ሰኔ ሚካኤል ሰኔ 12 ነው። ከዚያ 80 ቀን ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ከሰኔ 12 ቀን፣ ከግንቦት 30፣ ከሚያዝያ 30፤ 72 ሆነ። የቀሩት 8 ቀኖች ከመጋቢት ይወሰዳሉ። መጋቢት 22 ይመጣል። ዓመቱን ደግሞ እምዬ ራሷ አጥራዋለች። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። አቡነ ጴጥሮስ የተገደሉት ሐምሌ 22 ቀን 1928 ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ሰኔ ሚካኤል አንድ ብቻ ነው።

ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሳሁ። ሰባት ልጆችና 23 የልጅ ልጆች ስንሰማው የኖርነው ታሪክ ውስጥ ቀኑ ተቀምጦ ነበር።

ምላሽ 9። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው፤ ከአነጋገራቸው ትልቅ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል። መጋቢት 22 ቀን 1928 የማይጨው ጦርነት የተደረገበት ቀን መሆኑን አስታወሱን። የዚያ ዘመን ሰው ዕድሜውን የሚቆጥረው በቁጥር አልነበረም፤ በማይጨው፣ ጣሊያን በገባበት፣ ጣሊያን በወጣበት ነበር። ጣሊያን የገባበትና ከአምስት ዓመት በኋላ ጃንሆይ ተመልሰው አዲስ አበባ የገቡበት ቀን ሁለቱም ሚያዝያ 27 በመሆናቸው፣ ብዙ ሰው 1928ንና 1933ን እንደሚያምታታም ነገሩን። ስለዚህ አንድ ሽማግሌ «ሚያዝያ 27» ካለ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። በእምዬ ግን አቡነ ጴጥሮስ ስላሉ ጥርጥር የለውም።

ምላሽ 10። ሌላ ሰው የዲያቆኑን ቁጥር በአንድ ቀን አረመው። የተወለደችበት ቀን ራሱ መቆጠር አለበት ነው ክርክሩ። ማስረጃ አድርጎ ያመጣው ጌታን ነው። ጌታ የተወለደው ታኅሣሥ 29 ነው። በ40 ቀኑ ቤተ መቅደስ የገባበትን፣ ስምዖን የታቀፈበትን በዓል የምናከብረው የካቲት 8 ነው። ከታኅሣሥ 2 ቀን፣ ከጥር 30፣ ከየካቲት 8፤ አርባ የሚሞላው ታኅሣሥ 29ን ከቆጠርን ብቻ ነው። በዚያው ሂሳብ እምዬ የተወለደችው መጋቢት 23 ነው፤ ማይጨው በሆነ ማግስት።

ምላሽ 11። አንዲት ተጠራጣሪ ብቅ አለች። ጠላት አገር በወረረበት፣ ሰው በየጫካው በተሸሸገበት ዘመን 80ው ቀን ሳይዛነፍ ክርስትና ተነስታለች ማለት ይከብዳል አለች። በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ቢዘገይስ? ጥያቄዋ አናደደኝ፤ ምክንያቱም ትክክል ነበር።

ምላሽ 12። የራሴ ነው። ለእናቴ ደወልኩላት። መጋቢት 23 የሚለው ምን ያስታውስሻል አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ቅድመ አያቴ፣ የእምዬ እናት፣ እስክትሞት ድረስ በየወሩ በ23 የጊዮርጊስ ጽዋ ትጠጣ እንደነበር ነገረችኝ። የመጋቢቱን ደግሞ ከሌላው ወር ሁሉ አስበልጣ ትደግሰው ነበር። ጾም ስለሆነ ሽሮና ንፍሮ ብቻ ነው፤ ግን ቤቱ ይሞላል። ለምን እንደሆነ የጠየቃት የለም። እምዬን ስትጠራት ግን «የጊዮርጊስ እጅ መንሻዬ» ትላት ነበር።

ይህን ጽፌ ስጨርስ አለቀስኩ።

ምላሽ 13። ቁጥር 8 ላይ የቆጠረው ዲያቆን ተመልሶ ስህተቱን ተቀበለ። መጋቢት 23 ትክክል ነው፣ ቁጥር 10ን እግዚአብሔር ይስጥልን አለ። ቁጥር 11ም ሳትከራከር አመሰገነች።

ምላሽ 14 እስከ 17። ከቀኑ ጋር አዲስ ችግር መጣ፤ ጾሙ። የዘንድሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው። መጋቢት 23 ረቡዕ ነው፣ ዐቢይ ጾም መሃል። ዶሮ የለም፣ ክትፎ የለም፣ ወተትና እንቁላል ያለበት ኬክም የለም። 14 ቀኑ አይነካም፣ በጾም ምግብ ይከበር አለ። 15 ያለ ዶሮ ወጥ የዘጠና ዓመት ድግስ አይታየኝም አለች። 16 ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚጋገር የጾም ኬክ መኖሩን ነገረን። 17 ለሁለት መክፈልን አመጣ፤ በዕለቱ ጸሎት፣ ከፋሲካ በኋላ ድግስ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ቀን መምረጥ ይቀላል።

ምላሽ 18። እዚህ ላይ አንድ ሰው በቁጣ ገባ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ እንደተቆጣ በግልጽ ጻፈ። ልደት የፈረንጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን የምታከብረው የጌታን፣ የእመቤታችንንና የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት ብቻ ነው፤ እናንተ የምታከብሩት ራሳችሁን ነው ብሎ ወረደብን። ለፊኛና ለቪዲዮ ገንዘብ የሚያወጣ የልጅ ልጅ ሁሉ የአያቱ ጣሪያ እንደሚያፈስ፣ ዐይኗ እንደደከመ አይቶ ያውቃል ወይ ሲል ጠየቀ። ቃሉ ሻካራ ነበር። ስድብ ግን አልነበረበትም።

ምላሽ 19። ዲያቆኑ አንድ ነገር ብቻ አረመው። ሦስት ብቻ አይደሉም፤ ታኅሣሥ 24 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ልደት ይከበራል።

ምላሽ 20። መምህሩ ተመለሱ። ልደት ማክበር ለአገራችን እንግዳ ነው የሚለውን በጨዋ ደንብ ተቃወሙ። ሐምሌ 16 የጃንሆይ ልደት የሕዝብ በዓል ነበር። 80ኛቸው በ1964 ተከብሯል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967፣ ከዙፋን ወረዱ። ያኔ የንጉሡን ልደት ቀን የማያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ የገዛ እናቱን ልደት የሚያውቅ ግን ጥቂት ነበር። አንዲት የሱሉልታ እናት ቀኗ ተፈልጎ መገኘቱ እሳቸውን በግል እንዳስደሰታቸው ጻፉ። እኔም ይህን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

ምላሽ 21። ለቁጥር 18 እኔው መለስኩ። ጣሪያዋ ከሁለት ዓመት በፊት ተቀይሯል። ስለ ዐይኗ የጻፈው ግን አገኘኝ። የዐይን ሞራ አለባት። ከዓመታት በፊት አንድ ቦታ ወስደናት ዕድሜዋ ገፍቷል ብለው መለሱን። ያንን ቃል ይዘን ተቀመጥን። ሌላ ቦታ አልጠየቅንም። እምዬም አታማርርም። የመጣውን ሰው በድምፁ ትለየዋለች፣ እጁን ይዛ ትዳብሰዋለች፣ እኛም ከፍቅር ብቻ ይመስለን ነበር።

ምላሽ 22። ይህን ያነበበች ሴት የእናቷን ታሪክ አመጣች። እናቷ በ87 ዓመታቸው ተቀድደው በዚያው ቀን ቤታቸው ገብተዋል። የሚደረገው ነገር የደፈረሰውን የዐይን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሽ መተካት ነው። ስኳርና ግፊት አስቀድሞ ይታያል፤ ከዚያ በኋላ ጠብታ በሰዓቱ ማድረግና ዐይንን አለማሸት ነው። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ድግሱ ከፋሲካ በኋላ ከሆነ ጊዜ አለ አለች። መጀመሪያ ፊታችሁን ትይ፣ ከዚያ ኬኩ ይደርሳል።

በሦስተኛው ቀን ይዘናት ሄድን።

ምላሽ 23 እስከ 27። ወሬው ወደ ዳቦ ሄደ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ነው የገባሁበት። 23 ለስልሳ ሰው ስንት ድፎ እንደሚበቃ ጠየቀ። 24 በኦቨን መጋገር እንደሚቀል ተናገረች። 25 ላይ አንዲት እናት ይህን እንደ ነውር ቆጠሩት፤ ድፎ ያለ ኮባ ድፎ አይደለም አሉ። ኮባው ታጥቦ በእሳት ትንሽ ለብ ካላለ ይሰነጠቃል። ከዚያ ምጣዱ ላይ በመስቀልኛ ይነጠፋል፣ ሊጡ ይገለበጥበታል፣ በኮባ ይሸፈናል፣ ከላይ በብረት ምጣድ ፍም ይደረግበታል። ከታችም ከላይም እሳት ነው። ጥቁር አዝሙዱን የረሳ ሰው ባይጋግር ይሻለዋል ብለው ጨረሱ።

26 ላይ የእምዬን አጋገር ጻፍኩላቸው። መብሰሉን የምታውቀው አይታ አይደለም። ኮባውን በአንድ ጥግ ትገልጥና ዳቦውን በመሃል ጣቷ ኳ ኳ ታደርገዋለች። ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ ትሰማለች። ድምፁ ከደነቆረ ትሸፍነዋለች። ባዶ ሣጥን የተመታ ከመሰለ አውጡት ትላለች። አንድም ቀን ስታ አታውቅም። 27 ላይ እኚያው እናት እንዲህ ያለች ባለሙያ ለልደቷ በሰው ዳቦ እንዳትሸነገል አስጠነቀቁኝ፤ ሊጡን ራሷ ትባርከው።

ምላሽ 28 እስከ 31። አንዱ ድንኳን የሚያከራይ ሰው ስልክ ፈለገ። አንዱ ሱሉልታ የቤት ኪራይ እንዴት ነው አለ። ሌላው የእንጦጦን ዳገት በታክሲ ማታ መመለስ ስለሚከብድ ድግሱ በጊዜ ያልቅ ሲል መከረ፤ ይህስ ጠቅሞናል። አወያዩ ገብቶ የኪራዩን ጉዳይ ወደ ሌላ ክር ወሰደው።

ምላሽ 32። ከዓለም ገና የጻፈች ሙስሊም እህት ናት። እነሱ ቤት ልደት አይከበርም። ግን አያቷ 85 ሲሞላቸው ቤተሰቡ ተሰብስቦ ዱዓ አደረገ፣ ለጎረቤት ምግብ ተበተነ። የእሳቸውን የትውልድ ቀን ያገኙት በረመዳን ነው፤ ረመዳን ደግሞ በጨረቃ ስለሚሄድ በየዓመቱ ይዞራል። ያን ዓመት ረመዳኑ በየትኛው ወር እንደነበር ቆጥረው ደረሱበት። በየቤቱ ያለው መንገድ ይህን ያህል መመሳሰሉ አስገረማት፤ እኔንም።

ምላሽ 33። ሱሉልታ ተወልዶ ያደገ የኦሮሞ ወጣት ነው። ለእሱ ትልቁ ነገር ጎረቤት ነው። ከአዲስ አበባ መኪና ሞልቶ የሚመጣ ዘመድ ግቢውን ሲይዘው፣ ሃምሳ ዓመት አብረዋት ቡና የጠጡት ሴቶች በር ላይ ቆመው እንዳይቀሩ አለ። መጀመሪያ እነሱ ይጠሩ፣ መጀመሪያ እነሱ ይመርቁ። እሱ ሰፈር በእንዲህ ያለ ቀን ቡና ቀላ ይዘጋጃል፤ የቡናው ፍሬ በቅቤ ይጠበስና ሽማግሌዎች ይመርቁበታል። ከጾሙ በኋላ ከሆነ እናቱ ይዘው ሊመጡ ፈቃደኛ መሆናቸውንም ጻፈ። ይህ ልጅ ለካ ከእምዬ ቤት ሦስት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው።

ምላሽ 34። ከዚህ ሁሉ በኋላ ማድረግ የነበረብኝን አደረግሁ። እምዬን ጠየቅኋት። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ መጋቢት 23ን ነገርኳት፤ እንዴት እንደተቆጠረም በጣቶቿ ላይ አሳየኋት። ጣቶቿን ይዛ ራሷ ደገመችው። ሰኔ 12፣ ግንቦት፣ ሚያዝያ። ጊዮርጊስ ላይ ስትደርስ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ድንኳኑን አልፈለገችም። «ድንኳን ለሠርግና ለለቅሶ ነው። አንዱ አልፎኛል፣ ሌላው ይቆየኝ» አለች። አዳራሹንም አልፈለገችም። መጋቢት 23 ቅዳሴ ማስቀደስ ትፈልጋለች፤ በጾም ቅዳሴ ከሰዓት ስለሆነ ማንም በሥራ አያመካኝ። ድግሱ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ይሁን፤ ሚያዝያ 11፣ እሑድ ነው። ኬክ ለልጆች ይግባ። ሻማ እፍ አልልም፣ አበራለሁ እንጂ አለች። አንድ ነገር ግን አጥብቃ ጠየቀች። የልጅ ልጆቿን በጅምላ መመረቅ አትፈልግም። አንድ በአንድ፣ በስማችን፣ ጉልበቷን ስመን።

ምላሽ 35። የቁጥር 6 ወጣት ጻፈ። አያቱን ጠይቋቸዋል። በዚያ ቀን መጀመሪያ ደንግጠው እንደነበርና ልጆቹ እንዳያዝኑ ብለው እንደጨፈሩ ነግረውታል። የቁጥር 4 ጸሐፊን በስሟ ይቅርታ ጠየቃት።

ምላሽ 36። ቁጥር 18 ላይ የተቆጣው ሰው ስለ ዐይኗ ጠየቀ። አንዱ ዐይኗ መሠራቱን ነገርኩት። እግዚአብሔር ይመስገን ብሎ ጻፈ፤ እንዲህ ከሆነ እሱም ልደቷን እንደሚደግፍ ጨመረ።

ምላሽ 37። ይህ የመጨረሻው የእኔ ነው፤ የሆነውን ልንገራችሁ።

መጋቢት 23 ከቅዳሴ በኋላ ሽሮ በላን፣ ቡና ጠጣን፣ በቃ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ግቢው ሞላ። መጀመሪያ የገቡት ጎረቤቶቿ ናቸው። ቡና ቀላውም መጣ። ድፎው አምስት ነበር፤ አምስቱንም ራሷ ኳ ኳ አድርጋ አስወጣች። አጎቴ በስልክ ምስል ቆሞ ተመረቀ። 23ታችንም አንድ በአንድ ጉልበቷን ሳምን። እኔ ተራዬ ደርሶ ስጠጋ አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችኝ። ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አየችው። ይህ ከመቼ ወዲህ ነው አለችኝ። ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ማታ ሰው ከሄደ በኋላ የአባባን ዳዊት አስመጣች። ከሽፋኑ ቀጥሎ ያለው ባዶ ገጽ ላይ ቀኗን እንድጽፍላት ፈለገች። መጋቢት 23 ቀን 1928 ብዬ ጻፍኩ። ወደ ዐይኗ አስጠግታ አየችው። ከዚያ ልጆቼንም ጻፊያቸው አለች። አንድም ሳትሳሳት ጀመረች። የመጀመሪያው በ1948፣ የኅዳር ጽዮን ማግስት። እናቴ በ1950፣ የጥር ሥላሴ ዋዜማ፣ ሌሊት። ሦስተኛው የታኅሣሥ ግርግር በሆነበት ዓመት፣ ለቡሄ። የሰው ሁሉ ቀን በእጇ ነበር፤ የጎደላት የራሷ ብቻ ነው።

አራተኛው የአፍሪካ መሪዎች አዲስ አበባ በተሰበሰቡበት ወር፣ ግንቦት ልደታ፣ አለች። እናቴ ቀና ብላ አየቻት። እኛ አራተኛ የምንላት አክስቴ የተወለደችው ከዚያ ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው። እምዬ አልቆመችም። ወንድ ነበር፣ ስምንት ወር ኖረ አለች። ስሙንም ነገረችኝ። ጻፊው አለችኝ። ጻፍኩት። ከዚያ ወደ አምስተኛዋ አለፈች።